የዘማቹ ስንቅና የአገር ቤት ወሬ
(ስለ ዋግ ወታደር የቀረበ አጭር ጥናት)

ስለ ጦርነት የተጻፉትን የታሪክ መጻሕፍት ስናነብ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ስንት ሺህ ሰው እንደ ዘመተ፣ ማን በቀኝ ማን በግራ እንደ ተሰለፈ፣ በየትኛው ቀን ድል እንደ ሆነ ነው። ይህ ሁሉ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ነው። ነገር ግን ጦርነት ከምንለው ነገር ውስጥ ውጊያው ትንሹ ክፍል ነው። የዐድዋ ውጊያ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሌሊት ተጀምሮ በዚያው ቀን አለቀ። ከሸዋ የተነሣው ጦር ወደዚያ ለመድረስ ግን ከጥቅምት እስከ የካቲት ተጕዟል። እንግዲህ ዘማቹ አንድ ቀን ለመዋጋት ከመቶ ሠላሳ ቀን በላይ ተራምዷል፣ ተርቧል፣ ጠብቋል ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ አንዲቱ ቀን ሳይሆን ስለ መቶ ሠላሳው ቀን ነው።

አገሩ እንዳይሰፋብኝ ነገሩን በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ወስኜዋለሁ። ምክንያቱም ዋግ በሁለቱም የኢጣልያ ጦርነቶች ጊዜ የሰሜኑ ዘመቻ ጎረቤት ስለ ነበረች ነው። ዋናው መንገድ ከወሎ ተነሥቶ በኮረም በኩል ወደ አላጄ ሲወጣ ዋግን በስተ ምዕራብ ይተዋታል፤ ሆኖም ስንቅ ፈላጊውም፣ ከጦር ሜዳ ተመላሹም፣ አሳዳጁም በተራራዎቿ መካከል አልፏል። የዋግ ሰው ራሱም ዘምቷል። ከዛጕዬ ነገሥታት ዘር ነን የሚሉት ዋግ ሹሞች ጭፍራቸውን አስከትለው መዝመት የቆየ ግዴታቸው ነበር፤ ዋግ ሹም ጓንጕልም በዐድዋ ከነጭፍራቸው ነበሩ።

አሳቤን በአጭሩ ልግለጽ። ያ ወታደር ሁለት ስንቅ ያስፈልገው ነበር፤ አንዱ የሆድ፣ ሁለተኛው የጆሮ። ለሆዱ ራሱም ሚስቱም ባላገሩም ይደክሙ ነበር። ለጆሮው ግን ማንም አላሰበለትም። ይህም ጉድለት የናፍቆት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ በ1928 ዓ.ም. ለደረሰው መበታተን አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ስለ ሆድ ስንቅ

በዚያን ዘመን ጦሩ ዛሬ ስንቅና ትጥቅ ክፍል የምንለው ነገር አልነበረውም። እያንዳንዱ ዘማች የራሱን ስንቅ በአህያው፣ አህያ የሌለውም በሚስቱና በራሱ ጀርባ ይዞ ይነሣ ነበር። ስንቁም በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ላለው ሰው ደግሞ በቅቤ የታሸ ጭኮ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በሶ ሊመሰገን ይገባዋል። ገብሱ ከቤት ተቆልቶና ተፈጭቶ ስለሚመጣ በመንገድ ላይ እሳት አይፈልግም፤ ጭስም ስለማይወጣው ሰፈሩን ለጠላት አያሳብቅም። ውሃና ጥቂት ጨው ይበቃዋል፤ በጾም ቀንም ይበላል። በአውሮፓ በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ ለሠራዊት ትልቅ ፈጠራ ተብሎ ሲወደስ የኛ እናቶች ይህን ሳይጽፉት ያውቁት ነበር።

ይሁን እንጂ አንድ አህያ የምትሸከመው ስልቻ ለስንት ሳምንት ይበቃል? ስንቁ ሲያልቅ ዘማቹ ወደ ባላገሩ ቤት ይመለከታል። ባላገሩም አንዳንዴ በፈቃዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያለ ፈቃዱ ያበላዋል። የ1888ቱ ጦር ያለፈው ደግሞ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ክፉ ቀን ባደቀቀው አገር ነበር፤ በሬው በከብት በሽታ አልቆ፣ ሰው በዶማ ሲቆፍር ቆይቶ ገና ማገገም በጀመረበት ጊዜ ነው። በዚህ አገር ላይ ወደ አንድ መቶ ሺህ የሚገመት ሠራዊት ተራመደበት። በዐድዋ ዋዜማ ስንቅ ተሟጥጦ ነበርና ውጊያው ጥቂት ቀን ቢዘገይ ኖሮ ጦሩ ሰፈሩን ለቅቆ ለመሄድ ይገደድ ነበር። የጄኔራል ባራቲየሪም ስንቅ እንዲሁ አልቆ ነበር። ሁለቱም ተርበው ተፋጠጡ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የዋግን መሬት ያላየ ሰው የጕዞውን ድካም ለመገመት ይቸግረዋል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ስትሆን ከእርስዋ በስተ ሰሜንና በስተ ምዕራብ ምድሩ ወደ ፀለሪና ወደ ተከዜ ይወርዳል። በጥቂት ቀን ጕዞ ውስጥ ሰው ከብርድ ወደ በረሃ ሐሩር ይገባል፤ ወርዶም ደግሞ መውጣት አለበት። ዘማቹ ባዶ እግሩን ነው። ቀን ድንጋይና እሾህ፣ ሌሊት ደጋ ላይ ውርጭ፣ ቆላ ላይ የንዳድ ትንኝ ይጠብቀዋል። የጦር ሰፈር ባለበት ደግሞ ቅማልና ተስቦ አይጠፋም። ብዙ ሰው ጥይት ሳይነካው በዚህ መንገድ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ስለ ሴቶቹ ሳልናገር አላልፍም። ወንዱ ቀኑን ተራምዶ ሲሰፍር ዕረፍቱ ነው፤ ሴቲቱ ግን እኩል ተራምዳ፣ ያውም ማድጋ ወይም ስልቻ አዝላ፣ ሲሰፈር ሥራዋ ይጀምራል። ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ እህል ትፈጫለች፣ ትጋግራለች። ጦሩን ያራመደችው እርስዋ ናት ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። (የዐድዋን ሥዕሎች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ከእቴጌ ጣይቱ በቀር ስንት ሴት ተሥሎ ታያላችሁ?)

የጨው መንገድ፣ የወሬ መንገድ

አሁን ወደ ጆሮ ስንቅ ልምጣ። መንግሥት ወሬ የሚያሰማበት መሣሪያ ነበረው፤ ነጋሪት ይጐሰምና በገበያ መካከል አዋጅ ይነገራል። የመስከረም 1888ቱ የክተት አዋጅ ሠራዊቱ እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረ ኢሉ ላይ እንዲከት አዝዟል። የሚነሣበትን ጊዜ ተናገረ፤ የሚመለስበትን ግን አልተናገረም፤ ሊናገርም አይችልም ነበር። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ የወሬ መንገድ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚሄድ ነው። ከታች ወደ ላይ፣ ወይም ከጦር ሰፈር ወደ ጎጆ የሚሄድ የመንግሥት ወሬ አልነበረም። ዘማቹ «ላሚቱ ወለደች ወይ? ልጁ ከኩፍኙ ዳነ ወይ? ማሳዬን ማን አረሰው?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚያመጣለት ነጋሪት የለም።

ታዲያ በምን ይሰማ ነበር? በዋግ በኩል መልሱ ጨው ነው። ሰቆጣ በጥንት ዘመን ትልቅ የአሞሌ ጨው ገበያ ነበረች። ጨው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በአህያ ወደ ደጋ ይወጣና በትግራይ በኩል እስከ ሰቆጣ ደርሶ ከዚያ ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ወደ ሌላውም አገር ይበተናል። አሞሌ ገንዘብም ስለ ነበረ ነጋዴው በጦርነት ጊዜ እንኳ ፈጽሞ አይቀርም። ይህ ነጋዴ በጦር ሰፈር አጠገብ ያልፋል፤ ማን እንደ ታመመ፣ የማን ጭፍራ ወዴት እንደ ሄደ ይሰማል፤ ሰቆጣ ገበያ ሲደርስም ጨውን በዋጋ፣ ወሬውን በነፃ ያድላል። ሚስትና እናት ከገጠር ወደ ገበያ የሚመጡት ጨው ለመግዛት ብቻ አልነበረም።

የዚህ ዐይነቱ ወሬ ችግሩ መዘግየቱና መለወጡ ነው። በእያንዳንዱ ገበያ አንድ አፍ ይጨመርበታል። ደግሞም ነጋዴው የሚያውቀው አለቃውን ነው፤ ተራውን ወታደር በስሙ አያውቀውም። እንደ ዕድል ሆኖ ጭፍራ የሚደራጀው በአገር ልጅነት ነበር፤ የአንድ ቀበሌ ሰዎች በአንድ አለቃ ሥር ሆነው ባንድ ላይ ይሰፍራሉ። ስለዚህ ከአገር ቤት አንድ ሰው የመጣ እንደ ሆነ ለሁሉም ወሬ ይሆናል። በሌላ በኩል አንድ ክፉ ቀን የመጣ እንደ ሆነ አንድ መንደር በአንድ ጥዋት ጎልማሶቿን ታጣለች።

ስለ ደብዳቤ

አገራችን በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች። ቴሌግራፍም ከአሥመራ እስከ አዲስ አበባ ከዚያ በፊት ተዘርግቶ ነበር። ነገር ግን ሽቦው ለሹምና ለቆንስል ነው። ገበሬው ወታደር ደብዳቤ መላክ ቢፈልግ አስቀድሞ የሚጽፍለት ደብተራ መፈለግ አለበት፤ ከዚያ የሚወስድለት መንገደኛ፣ ከዚያም አገር ቤት የሚያነብላቸው ቄስ ያስፈልጋል። ባልና ሚስት የሚነጋገሩት ሁለት ሌላ ሰው በመካከላቸው ቁጭ ብሎ ነው። እንደዚህ ባለ ደብዳቤ ውስጥ ማን ልቡን ይከፍታል? በዋግ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ብዙው ሰው ቤቱ የሚነጋገረው በኽምጣንጋ ሲሆን ደብዳቤ የሚጻፈው በአማርኛ ነበርና ናፍቆቱ መጀመሪያ መተርጐም ነበረበት።

የቀድሞ ደብዳቤዎቻችን በሰላምታ ብዛት ይታወቃሉ። እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ ተመስገን ደኅና ነኝ፣ እገሌ እንደምን ነው፣ እገሊትስ እንደምን ናት እያለ ገጹ ያልቃል። አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን እንደ ባዶ ልማድ ቈጥረው ሲሥቁበት ሰምቻለሁ። እኔ ግን ሰላምታው ራሱ ዋናው ወሬ ነው እላለሁ። ከጦር ሜዳ የመጣ ደብዳቤ «ደኅና ነኝ» ካለ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ይህን አሳብ እንግሊዞችም ደርሰውበታል። በ1914 እ.ኤ.አ. በተነሣው የዓለም ጦርነት ለወታደሮቻቸው የታተመ ካርድ ይሰጡ ነበር። «ደኅና ነኝ»፣ «ሆስፒታል ገብቻለሁ» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ተጽፈውበታል፤ ወታደሩ የማይስማማውን እየሰረዘ ይልካል፤ ሌላ ቃል የጨመረ እንደ ሆነ ካርዱ ይቀደዳል። ከዚህም ሌላ የእንግሊዝ ፖስታ ጦርነቱ በከፋበት ወቅት በሳምንት እስከ 12 ሚሊዮን ደብዳቤ ወደ ሠራዊቱ ያመላልስ ነበር። ለምን ይህን ሁሉ ገንዘብ አወጡ? ለርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ከቤቱ ወሬ የተቋረጠበት ወታደር እንደማይዋጋ አዛዦቹ ስለ ተረዱ ነው። ነገሩም አዲስ አይደለም። በሰሜን እንግሊዝ ቪንዶላንዳ በተባለ የሮማውያን ምሽግ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተቈፍረው ከወጡት የእንጨት ሰሌዳዎች በአንደኛው ላይ ለአንድ ሰው ካልሲ፣ ነጠላ ጫማና የውስጥ ሱሪ እንደ ተላከለት የሚገልጽ ደብዳቤ ይነበባል። ዕድሜው 1,900 ዓመት ያህል ነው። የሮማው ወታደር ካልሲው ከነደብዳቤው ሲመጣለት የኛው ዘማች በ1928 ዓ.ም. ከሁለቱም አንዱን አላገኘም።

የ1928ቱ ጆሮ

ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ስትሻገር ክተት ታወጀ። ጥቅምት 6 ቀን የራስ ሙሉጌታ ጦር በአዲስ አበባ ተሰልፎ ታየና ወደ ሰሜን ተነሣ። ስንቁ እንደ አያቶቹ በሶ ነው፤ እግሩም እንደ አያቶቹ ባዶ ነው። ከላይ ግን አውሮፕላን አለ። ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ በተከዜ መሻገሪያና በሌሎችም ቦታዎች የፈሰሰው የመርዝ ጋዝ በሣሩና በውሃው ላይ እየተኛ የሚጠብቅ ነበር፤ ባዶ እግሩን የረገጠው ሰው እግሩ ይቃጠላል፣ የጠጣውም አንጀቱ። ከላይ በጫማ ያልተሸፈነው እግር ምን ማለት እንደ ሆነ እነሆ እዚህ ላይ ይታያል።

የወሬው ነገርስ? ራሶቹ በተለያየ ግንባር ነበሩ። በሽሬ በኩል የነበሩት ራስ እምሩ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የሚገናኙት በእግረኛ መልእክተኛ ስለ ነበር የአንዱ ግንባር መፈታት ለሌላው የሚሰማው ዘግይቶ ነው። በሬዲዮ የሚላከውን መልእክት ደግሞ ኢጣልያኖች እየጠለፉ ያነቡት ነበር። ስለዚህ የኛን መልእክት ከኛ ወታደር ይልቅ የጠላት አዛዥ ቀድሞ ያውቀዋል። ከዚህም የባሰ ነገር አለ። ኢጣልያኖች በአማርኛ የታተመ ወረቀት ከአውሮፕላን ይበትኑ ነበር። እንግዲህ ብዙው ወታደር በዚያ ሁሉ ወራት ውስጥ በስሙ ሳይሆን በጅምላ የተላከለት ብቸኛ ወረቀት ከሰማይ የወረደው የጠላቱ ወረቀት ነበር ማለት ነው።

በየካቲት አምባ አራዶም ተለቀቀ፤ በዚያው ወር መጨረሻ የተምቤኑ ጦር ተፈታና ራስ ካሣና ራስ ሥዩም በብዙ ችግር ወደ ኮረም መጡ። (ከራስ ካሣ ጦር ጋር የነበረው የቼኩ ተወላጅ አዶልፍ ፓርለሳክ የጻፈውን፣ ተጫነ ጆብሬ መኮንን «የሀበሻ ጀብዱ» ብለው የተረጐሙትን መጽሐፍ ያላነበባችሁ ፈልጋችሁ አንብቡት።) ራስ ሙሉጌታ እንኳ በማፈግፈግ ላይ ሳሉ የልጃቸው የመሞት ወሬ ቢደርሳቸው ወደ ኋላ ተመልሰው በዚያው በአውሮፕላን ጥቃት ሞቱ። የጦር ሚኒስትሩን ወደ ኋላ የመለሰ ወሬ ተራውን ወታደር ምን ያደርገው ይሆን? መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ውጊያ ተደረገ፤ በዚያም ወር ኢጣልያኖች ሰቆጣን ያዙ። ከዚያ በኋላ ጦሩ በሐሸንጌ በኩል ሲመለስ ከአየር ተደበደበና ተበተነ።

መበተኑን ብዙ ጸሐፊዎች በቦምብና በመርዝ ያመካኛሉ፤ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ይህን ብቻ ነው። ስለ ቤቱ ስድስት ወር ሙሉ ምንም ያልሰማ ሰው፣ አለቃው የት እንዳለ የሚነግረው ያጣ ሰው፣ ሰቆጣ ተያዘች የሚል ወሬ በድንገት በሰማ ጊዜ የሚያደርገው ወደ ቤቱ መሮጥ ነው። ይህ ፈሪነት አይባልም። በዐድዋ ጊዜም ያው ወታደር ያው ናፍቆት ነበረው፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ጠላት ከፊት እንጂ ከቤቱ ደጃፍ አልነበረም።

ለዚህም ማስረጃው ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው። እነዚያው የዋግ ሰዎች በ1929 ዓ.ም. መጨረሻና በ1930 መባቻ የዋግ ሹም ከበደን ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደን ተከትለው በገዛ ተራራቸው ላይ ተነሡ። አሁን ወሬ አልቸገራቸውም፤ እኅትና እናት ስንቅ ስታቀብል ወሬም ታቀብላለች፤ ጠላት በየት እንደ ወጣ ከመንደር ይሰማሉ። ነገር ግን ወሬው መቅረቡ ሌላ ዋጋ አስከፈለ። ቀድሞ ስለ ቤቱ የማያውቀው ወታደር አሁን ቤቱ ሲቃጠል ከተራራው ላይ ሆኖ ያየው ጀመር። ደጃዝማች ኃይሉ ተገድለው ራሳቸው ተቈርጦ ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ። ይህም ወሬ ነው፤ ኢጣልያኖች ለዋግ ሰው በቶሎ እንዲደርስ የፈለጉት ወሬ።

ስለ መርዶ

ባገራችን የሞት ወሬ የራሱ ሥርዓት አለው። መርዶ በመንገድ ላይ፣ ወይም ማታ፣ ወይም ለብቻዋ ላለች ሴት አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ ተጠራርቶ ሌሊት ይመጣና ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ ደጃፍ ይደርሳል። ስለዚህ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው የጓደኛው እናት በመንገድ አግኝታ «ልጄስ?» ብትለው «ደኅና ነው፤ ከኋላ እየመጣ ነው» ይላታል። ይህ ሐሰት ሥርዓቱን ለመጠበቅ የሚነገር ሐሰት ነው። መርዶው እስኪደርስ ድረስ ለአንድ ሳምንት፣ ለአንድ ወር ያቆያታል።

ታዲያ መርዶ ነጋሪውም አብሮ የሞተ እንደ ሆነስ? የሞቱት ገበሬዎች ስም ዝርዝር የተጻፈበት መዝገብ አልነበረም። መርዶ ካልመጣ ለቅሶ አይደረግም፤ የሞተበት ቀን ካልታወቀ የአርባው ተዝካር መቼ ይወጣል? ሚስቱስ ባል አላት እንበል ወይስ የላትም? መሬቱን ማን ይከፋፈለዋል? እንግዲህ የወሬ መጥፋት በናፍቆት አያበቃም፤ የቤተ ክርስቲያንም የርስትም የጋብቻም ጉዳይ ይሆናል።

ይህ ሁሉ የድሮ ነገር እንዳይመስለን። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተጀምሮ እስከ ጥቅምት 2015ቱ ስምምነት ድረስ በትግራይም በዋግ ኽምራም ስልክና መንገድ የተቋረጠባቸው ብዙ ወራት አልፈዋል። ከአበርገሌና ከዝቋላ ተፈናቅሎ ሰቆጣ የተጠለለ ሰው ሞባይሉን በእጁ ይዞ የልጁን ድምፅ መስማት አልቻለም፤ ከተከዜ ማዶ ያለችውም እናት እንዲሁ። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ መጠበቁ ያው ነው።

በክረምቱ ዕረፍት ወደ ዋግ፣ ወደ ላስታ፣ ወደ ራያም ሆነ ወደ ሌላ አገር የምትሄዱ ጓደኞች ለዚህ ጥናት ብትረዱኝ ደስ ይለኛል። የ1928ን ዘመቻ በዐይኑ ያየ ሰው ዛሬ ማግኘት ያስቸግራል፤ አባቱን ወይም አያቱን ሲጠብቁ በኖሩበት ቤት ያደገ ሽማግሌና አሮጊት ግን ገና አለ። ስለ ጦርነቱ ጀግኖች አትጠይቁአቸው፤ እርሱን ሳትጠይቁአቸውም ይነግሩአችኋል። የምትጠይቁአቸው ይህን ነው፤ ወሬው በማን በኩል መጣ? ስንት ወር ቈየ? ምንም ወሬ ያልመጣ እንደ ሆነስ ተዝካሩን በየትኛው ቀን አወጡለት፤ ከቤት በወጣበት ቀን ነው፣ ጦሩ በተፈታበት ቀን ነው፣ ወይስ እስከ ዛሬ አልወጣለትም?